ሰሙ ወረቀት፤ ወርቁ ተግሣጽ፦ ስለ አሜሪካ የፌዝ ኖቶችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው

የወረቀት ገንዘብ ከቃል በቀር ሌላ ነገር አይደለም። ወረቀቱ በራሱ ከቀለሙና ከጭረቱ የሚበልጥ ዋጋ የለውም፤ ዋጋው ኹሉ ያለው «ይህን ይዞ ለመጣ ሰው ይህን ያህል ወርቅ ወይም ብር እከፍላለሁ» ተብሎ በተጻፈው ቃል ላይ ነው። ቃሉ በታመነ ጊዜ ወረቀቱ ከወርቅ ይልቅ ይመረጣል፤ ለመሸከም ይቀላል፣ ለመላክም አያስቸግርም። ቃሉ በታጠፈ ጊዜ ግን ያው ወረቀት የሐሰት ምስክር ኾኖ በድኻው እጅ ላይ ይቀራል።

በአሜሪካ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ይህ የሐሰት ምስክር ደጋግሞ ተነሥቷል። በተነሣም ቍጥር ሌላ ወረቀት ይከተለው ነበር፤ ይኸውም በመልኩ የባንክ ኖት የሚመስል፣ በነገሩ ግን ፌዝና ተግሣጽ የኾነ ወረቀት ነው። ቍጥር አለበት፣ ሥዕል አለበት፣ የባንኩ ሹምና የገንዘብ ያዡ ፊርማ አለበት፤ ነገር ግን የሚከፍለው ምንም የለም፤ በከፋይነትና በተቀባይነት የተጠሩትም በሥልጣን ላይ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ወረቀቶች እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች ተነሥተዋል፤ ዋጋ የለኝም ብሎ በራሱ ላይ የሚመሰክረውንም ወረቀት በእውነተኛ ገንዘብ ይገዙታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ኹሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የዚህን ወረቀት ጠባይ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ሰሙ ኖት ነው፤ ወርቁ ተግሣጽ ነው። ሰሙ ካልተስተካከለ ወርቁ እንደማይወጣ፣ የፌዝ ኖት ሠሪም አስቀድሞ የእውነተኛውን ኖት መልክ ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት፤ ክፈፉን፣ የአርእስቱን ፊደል፣ ሥዕሉ የሚቀመጥበትን ስፍራ አንድ በአንድ ይከተላል። አንባቢው በመጀመሪያ ሲያየው ገንዘብ መስሎት እጁን ይዘረጋል፤ ቀረብ ብሎ ሲያየው ይስቃል፤ ስሞቹን ሲያነብ ደግሞ ይቈጣል። ቍጣ ላይ የማያደርሰው ወረቀት ተራ ቀልድ ነው።

የዚህ ጥበብ መነሻ በአሜሪካ ብቻ አይደለም። ከ1797 እስከ 1821 ድረስ የእንግሊዝ ባንክ ኖቱን በወርቅ መመንዘር ትቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የታተሙት የአንድና የኹለት ፓውንድ ኖቶች አሠራራቸው ተራ ስለ ነበረ ለማስመሰል አላስቸገሩም። በሐሰት የተሠራውን ኖት ሲያዛውር የተገኘ ሰው ደግሞ በስቅላት ይቀጣ ነበር፤ ከተሰቀሉትም መካከል ወረቀቱን አንብበው መለየት የማይችሉ ድኾች ነበሩ። በ1819 ጆርጅ ክሩክሻንክ የሚባለው ሠዓሊ ከአሳታሚው ከዊልያም ሆን ጋራ ኾኖ አንድ የፌዝ ኖት አወጣ። በኖቱ ላይ የተሰቀሉ ወንዶችና ሴቶች በሰልፍ ተሥለዋል፤ የፓውንዱ ምልክት የተሠራው ከመስቀያ ገመድ ነው፤ የእንግሊዝ አገር ምሳሌ የኾነችው ሴት የገዛ ልጆቿን ስትበላ ትታያለች፤ በግርጌው ያለውም ፊርማ የሰቃዩ ስም ነው። ክሩክሻንክ ካረጀ በኋላ «ያን ስቅላት ያስቀረው የእኔ ሥዕል ነው» ይል ነበር። ይህ ራስን ከፍ ማድረግ ነው፤ ኾኖም የፌዝ ኖት የሞትና የሕይወትን ነገር ለመናገር እንደሚበቃ ለአሜሪካኖቹ ያሳየ እርሱ ነው ቢባል ስሕተት አይኾንም።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ የነገሩ ሥር በፊላደልፊያ ከተማ የነበረው ትልቁ ባንክ ነው። ይህ ባንክ በ1816 በሕግ ሲቋቋም ዕድሜው ኻያ ዓመት እንዲኾን ተወስኖለት ነበር፤ ከ1823 ዠምሮም ኒኮላስ ቢድል የሚባል የተማረ ሰው ያስተዳድረው ነበር። ፕሬዚዳንቱ አንድሩ ጃክሰን ደግሞ የጦር ሰው ነው፤ በ1815 በኒው ኦርሊንስ እንግሊዞችን ድል ነሥቶ ስሙ የተጠራ፣ ባንክንና የባንክን ወረቀት የሚጠላ ሰው ነበር። የባንኩ ዕድሜ እንዲራዘም ምክር ቤቱ የወሰነውን ሕግ ጁላይ 10 ቀን 1832 አልፈርምም ብሎ መለሰው። በተከታዩም ዓመት የመንግሥቱን ገንዘብ ከዚያ ባንክ እያወጣ በየክፍለ ሀገሩ ላሉ ባንኮች አስረከበ፤ ጠላቶቹም እነዚያን ባንኮች «ቅምጥሎቹ» ይሏቸው ነበር። እነዚህ ባንኮች የማይገባቸው ሲሳይ በድንገት ስለ ወረደላቸው ወረቀታቸውን ያለ ልክ አበዙ። መሬት ነጋዴው ኹሉ በዚያ ወረቀት የመንግሥት መሬት ይገዛ ዠመር፤ ጃክሰንም ይህን አይቶ ጁላይ 11 ቀን 1836 የመንግሥት መሬት ከወርቅና ከብር በቀር በሌላ እንዳይሸጥ አዘዘ። ከዚህ በኋላ ወርቁ ወደ ምዕራብ ይነጕድ ዠመር። ይህ የወረቀት ጠላት ከ1928 ዠምሮ መልኩ በአሜሪካ ኻያ ዶላር ኖት ላይ መታተሙ ከፌዞች ኹሉ የበለጠ ፌዝ ነው፤ ያደረገው ግን ፌዘኛ ሳይኾን መንግሥቱ ራሱ ነው።

የ1837 ክረምት ለኒው ዮርክ ድኾች ክፉ ነበር። የዱቄት ዋጋ ከአቅም በላይ ስለ ወጣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን ሕዝቡ በከተማው አዳራሽ ፊት ተሰብስቦ ስለ እንጀራ፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ማገዶ ከጮኸ በኋላ፣ ከፊሉ ኤሊ ሃርት ወደሚባለው የዱቄት ነጋዴ መጋዘን ሄዶ በሩን ሰበረ፤ በርሜሉንም እያወጣ ዱቄቱን በመንገድ ላይ በተነው። ማርች 4 ቀን ጃክሰን ሥልጣኑን ለማርቲን ቫን ቢዩረን አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ኹለት ወር ከጥቂት ቀን እንዳለፈ ሜይ 10 ቀን የኒው ዮርክ ባንኮች ከእንግዲህ ወዲያ ኖታችንን በወርቅና በብር አንመነዝርም አሉ፤ የሌላውም ከተማ ባንክ ተከተላቸው።

በዚያን ሰዓት ወርቁ ብቻ ሳይኾን የብር ሳንቲሙም ጠፋ፤ ያለው ሰው ኹሉ ሸሸገው። ዳቦ ለመግዛት፣ በታንኳ ለመሻገር፣ ጢም ለመላጨት የሚኾን ዝርዝር አልተገኘም። ስለዚህ ባለ ሱቁ፣ ባለ መጠጥ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሳይቀር የየራሱን ወረቀት እያሳተመ የአምስት፣ የዐሥር፣ የኻያ አምስትና የዐምሳ ሳንቲም ገንዘብ አወጣ። ሕዝቡም ይህን ወረቀት «ሺንፕላስተር» አለው፤ ትርጓሜው የእግር አገዳ ሲቈስል የሚለጠፍ ወረቀት ማለት ነው፤ ለዚያ ካልኾነ ለሌላ አይረባም ለማለት ነው። የቀን ሠራተኛ የደከመበትን በዚህ ወረቀት ይቀበላል፤ ወደ ባለ ሱቅ ሲሄድ ደግሞ ከተጻፈው ዋጋ ላይ ይቀነስበታል፤ ወረቀቱን ያወጣው ነጋዴ የከሰረ እንደ ኾነም ላቡ ከነወረቀቱ ይጠፋል። ለሠራተኛው ነገሩ የክርክር ጕዳይ አልነበረም፤ የቅዳሜ ማታ እራቱ ነበር።

የፌዝ ኖት በብዛት የወጣው በዚህ ዓመት ነው። ከሠሪዎቹ ዋነኛው በኒው ዮርክ የሥዕል ማተሚያ የነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ነው። እውነተኛው ኖት በብረት ወይም በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ ሲታተም፣ ሮቢንሰን በድንጋይ ላይ እየተሣለ የሚታተመውን ዐዲሱን ጥበብ ያዘ። ይህ ጥበብ ፈጣንና ርካሽ ስለ ኾነ፣ ባንኩ ሰኞ የሠራውን ክፋት እሑድ ሳይደርስ በሥዕል ለመግለጥ ያመች ነበር።

ካሳተማቸው የፌዝ ኖቶች አንዱ የዐምሳ ሳንቲም ሺንፕላስተር ነው። በመካከሉ ጃክሰን በዐሣማ ተቀምጦ «የወርቅ ማታለያ» የሚል ስም የተሰጣትን ቢራቢሮ ለመያዝ እየጋለበ ወደ ገደል ሲቀርብ ይታያል። ቫን ቢዩረን በአህያ ተቀምጦ ይከተለዋል፤ ነገር ግን ገደሉን አይቶ ኖሮ፣ ለጊዜው ጥቂት ፈቀቅ ማለት ይሻላል እያለ መንገዱን ሲያጣምም ተሥሏል። እዚህ ላይ ያለው ወርቅ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ቫን ቢዩረን ዝነኛ ያለውን ቀዳሚውን በኹሉ ነገር እከተላለሁ ያለ ሰው መኾኑን፣ ከተሾመ በኋላም ችግሩ ሲጠና የጃክሰንን ፈለግ በጥቂቱ ለመልቀቅ መገደዱን የማያውቅ ሰው፣ ሥዕሉን አህያና ዐሣማ ብቻ አድርጎ ያየዋል።

ሌላው የስድስት ሳንቲም ኖት ነው። ያወጣው ባንክ ስሙ «የሽንገላ ክብር ባንክ» ነው። ገንዘቡም የሚከፈለው «ፋንድያ ገፊ ጥንዚዛ ለኾነው ለቤንቶን ወይም ይህን ይዞ ለመጣ» ነው፤ የሚከፈለውም በወርቅ ጠብታ ነው። በግርጌው ደግሞ «ተንኰለኛው ሩቤን» ገንዘብ ያዥ፣ «ሐቀኛው አሞስ» የባንኩ ሹም ኾነው ፈርመዋል።

ይህን ኖት ዛሬ የሚያነብ ሰው አንድምታ ያስፈልገዋል። ቶማስ ሃርት ቤንቶን ከሚዙሪ የተመረጠ ሴናተርና የጃክሰን ወዳጅ ነበር፤ ወረቀትን ንቆ ወርቅን ከማመስገኑ የተነሣ ዐዲሶቹን የወርቅ ገንዘቦች ሰዉ የቤንቶን ጠብታ ይላቸው ነበር። ጥንዚዛ መባሉ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጃክሰንን ገንዘቡን ከባንክ ስላወጣ በ1834 ወቅሶት ነበር፤ ቤንቶንም ይህ ወቀሳ ከመዝገቡ ይፋቅ ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ተከራከረና ጃንዋሪ 16 ቀን 1837 አስፋቀው። ያን ነገር ሳይሰለች እየገፋ ዐቀበቱን ስለ ወጣ ሠዓሊዎች ፋንድያዋን ከምታንከባልል ጥንዚዛ ጋራ አመሳሰሉት። ሩቤን ዊትኒና አሞስ ኬንዳል ደግሞ በባንኩ ጠብ ጊዜ የጃክሰን ረዳቶች የነበሩ ናቸው። ሐቀኛ ያለው ሌባ ለማለት ነው፤ ይህን ለማስረዳት ግን ማስታወሻ አያሻም።

እንግዲህ የሰብሳቢው ሥራ በዚህ ይታወቃል። ወረቀቱን ያገኘ ሰው ዕቃ አገኘ እንጂ ነገሩን ገና አላገኘም። ኖቱ በወጣ ጊዜ በኒው ዮርክ ጐዳና የሚሄድ ጋዜጣ አንባቢ ኹሉ ያውቀው የነበረው ስም ከኻያ ዓመት በኋላ ተረሳ፤ የቅኔው ታሪክ ከጠፋ ወርቁ እንደሚጠፋ ይህም እንደዚያ ነው። ትጉህ ሰብሳቢ የዚያን ዘመን ጋዜጣና የምክር ቤቱን መዝገብ እየገለጠ ስሙንና ምልክቱን አንድ በአንድ ያወጣል፤ ይህን ያላደረገ ሰብሳቢ ግን የማያነበው መጽሐፍ በሣጥን የቈለፈ ሰው ነው።

ነገር ግን ወረቀቱን ስላስተረጐሙት ብቻ ማመን ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ሮቢንሰን የጃክሰን ተቃዋሚ የነበረው የዊግ ወገን ደጋፊ ነበር፤ ኖቱም የአንዱን ወገን ነገር ብቻ ይናገራል። የ1837 ውድቀት ከጃክሰን ትእዛዝ ብቻ የመጣ አይደለም። የእንግሊዝ ባንክ በ1836 የወለድ ተመኑን ከፍ ስላደረገ ወደ አሜሪካ ይመጣ የነበረው ብድር ተቋረጠ፤ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ባንኮቹም ራሳቸው ከያዙት ወርቅ ጋራ የማይመጣጠን ወረቀት አበዝተው ነበር። ጃክሰን ወረቀት ሐሰተኛ ነው ብሎ ነበር፤ ወረቀቱም ሐሰተኛ ኾኖ ተገኘ። ሮቢንሰን በዐሣማ ያስቀመጠው ሰው ከጠላቶቹ ይልቅ ስለ ባንኮቹ እውነት የተናገረበት ጊዜ አለ። ፌዝ ግማሽ እውነት ተናግሮ ሲያበቃ ሙሉ ይመስላል፤ ጣዕሙም አደጋውም ይኸው ነው። ያም ኾነ ይህ ቫን ቢዩረን በ1840 ምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በዚያው ዘመን የወረቀቱ ወንድም የኾነ የመዳብ ፌዝም ነበረ። መጠኑ የአንድ ሳንቲም መዳብ ያህል ኾኖ፣ በአንዱ ላይ የገንዘብ ሣጥን የተሸከመ ኤሊ፣ በሌላው ላይ አህያ ይታያል። በአንዳንዱ ላይም «ለመከላከያ ሚሊዮን እንሰጣለን፤ ለግብር ግን አንድ ሳንቲም አንሰጥም» የሚል የቈየ ንግግር ተጽፎ፣ «አንድ ሳንቲም አይደለም» የሚለው ጐልቶ እንዲታይ ተደርጓል። ይህን ያደረጉት የመንግሥት ሳንቲም አስመሰላችሁ ተብለው እንዳይከሰሱ ነው፤ እውነትም አንድ ሳንቲም አይደለም ብሎ ይመሰክራልና። መዳቡ ግን በገበያ እንደ ሳንቲም ዞረ። ላይመን ሎው የሚባል የገንዘብ ዐዋቂ እነዚህን መዳቦች በቍጥር ለይቶ መዝገብ ስላወጣላቸው ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ በእርሱ ቍጥር ይጠሯቸዋል። ወረቀቱ ከመዳቡ ይልቅ በቀላሉ ስለሚጠፋ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲነሣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1860 ከ1500 የሚበልጡ ባንኮች የየራሳቸውን ኖት ያወጡ ስለ ነበር ነጋዴ የሐሰቱን ከእውነተኛው የሚለይበት መጽሔት በጠረጴዛው ላይ ያኖር ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1862 መንግሥቱ ራሱ በወርቅ የማይመነዘር ኖት እንዲያወጣ በሕግ ተፈቀደ፤ ጀርባው አረንጓዴ ስለ ኾነ ሕዝቡ «አረንጓዴ ጀርባ» አለው። በአንድ ዶላሩ ላይ የተሣለው የገንዘብ ሚኒስትሩ ሳልሞን ቼዝ ራሱ ነው። ይህ ሰው በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት አለቃ ኾኖ በ1870 ያ ኖት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለተገባ ዕዳ በግድ ይከፈልበት ዘንድ አይገባም ብሎ ፈረደ፤ በተከታዩ ዓመት ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ለወጠው እንጂ፣ በራሱ መልክ ላይ የፈረደ ሹም ታይቶ ነበር። ደግሞም የገንዘብ ማተሚያው ኀላፊ ስፔንሰር ክላርክ በአምስት ሳንቲሙ ኖት ላይ የገዛ መልኩን ስላሳተመ ምክር ቤቱ ተቈጥቶ በ1866 በሕይወት ያለ ሰው መልክ በኖት ላይ እንዳይታተም ከለከለ። እንዲህ ያለው ሲኾን ለፌዘኛው የሚቀርለት ሥራ ጥቂት ነው።

በዚህ ጦርነት ከኾነው ኹሉ ግን ሰብሳቢን የሚያሳስበው የሳሙኤል አፕሃም ነገር ነው። አፕሃም በፊላደልፊያ ወረቀትና ሽቱ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ነበር። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1862 በከተማው የሚታተመው ኢንኳየረር የተባለው ጋዜጣ የደቡብ ዐመፀኞችን የአምስት ዶላር ኖት በፊት ገጹ ላይ አትሞ ወጣ፤ ጋዜጣውም ወዲያው ተሸጦ አለቀ። አፕሃም ሰዉ የፈለገው ወሬውን ሳይኾን ሥዕሉን መኾኑን ስለ ተረዳ የማተሚያውን ሰሌዳ ገዝቶ ኖቱን ለብቻው እያተመ ለመታሰቢያና ለመሣቂያ በአንድ ሳንቲም ይሸጥ ዠመር። በእያንዳንዱ ግርጌ ይህ ቅጂ መኾኑንና የሚሸጥበትን ሱቅ ጽፎበት ነበር። ነገር ግን ከደቡብ ጥጥ የሚገዙ ተንኰለኞች ግርጌውን በመቀስ እየቈረጡ ኖቱን እንደ እውነተኛ አድርገው ከፈሉበት። የደቡቡ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ኖቱን በሐሰት የሚሠራ ሰው በሞት እንዲቀጣ ደነገገ። አፕሃም በኋላ ራሱ ሲቈጥር ከማርች 1862 እስከ ኦገስት 1863 ድረስ 1,564,050 ቅጂ እንዳተመ ጽፏል። ስለዚህ ዛሬ ሰብሳቢው የአፕሃምን ኖት ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያየው ግርጌውን ነው፤ ግርጌው ያለው ኖት ፌዝ ኾኖ የቀረ ነው፤ ግርጌው የተቈረጠው ግን አንድ ገበሬ ጥጡን አስረክቦ የተቀበለው ሊኾን ይችላል። በኹለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመቀስ አንድ ጭረት ብቻ ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አረንጓዴው ወረቀት ይብዛ ወይስ በወርቅ ይመንዘር የሚል ክርክር ተነሣ። ኖቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1879 ዠምሮ እንዲመነዘር በ1875 ተደነገገ፤ የወረቀቱ ወዳጆች ግን አላረፉም። ቶማስ ናስት የሚባለው የታወቀው የጋዜጣ ሠዓሊ በ1876 ዴቪድ ዌልስ ለጻፈው ስለ ገንዘብ ለሚናገር መጽሐፍ አንድ ሥዕል ሠራ፤ ከጨርቅ የተሠራች ሕፃን ተሥላ፣ በወተት ፈንታ ወተት ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይቀርብላታል። በግድግዳው ላይም ላምና ቤት ተሥለው፣ ሠዓሊው ስላለው ይህ ላም ነው፣ መሐንዲሱ ስላለው ይህ ቤት ነው የሚል ተጽፎባቸዋል፤ ከእነርሱም ጋራ ምክር ቤቱ ስላለው ይህ ገንዘብ ነው የሚል ኖት ተሰቅሏል። ናስት ከሮቢንሰን የሚበልጠው በዚህ ነው፤ የሰው ስም ሳይጠራ ነገሩን ራሱን ስለ ያዘ ሥዕሉን ለመረዳት አንድምታ ብዙ አያሻም።

በ1896 ደግሞ ክርክሩ ወደ ብር ዞረ። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ብር በዐሥራ ስድስት እጅ ከወርቅ ጋራ ተመዝኖ ያለ ልክ ይታተም ብሎ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ዶላር ውስጥ ያለው ብር በገበያ ዋጋው ከግማሽ ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። ተቃዋሚዎቹ እውነተኛ የአንድ ዶላር ዋጋ ያለው ብር ምን ያህል ትልቅ እንደሚኾን ለማሳየት እንደ ሳሕን የሰፋ ብር አሠሩ። ሌሎችም ከርካሽ ብረት በተሠራው ላይ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» ከሚለው የገንዘቡ ጽሑፍ ቀጥለው «ለጐደለው ሳንቲም» ብለው ጻፉበት፤ ይህ የእግዚአብሔርን ስም ለገበያ ጠብ መጥራት ስለ ኾነ ከፌዝ ወሰን አልፏል። ብራያን ተሸነፈ። ፋራን ዘርብ የሚባለው ሰብሳቢ በ1926 እነዚህን ኹሉ በመዝገብ አውጥቷቸዋል።

አንድን የፌዝ ኖት በእጁ የያዘ ሰው በአጉሊ መነጽር አስቀድሞ መስመሩን ይመለከታል፤ በሰሌዳ የተቀረጸው በጣት ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ በድንጋይ የታተመው ግን ልሙጥ ነው። ቀጥሎ እጥፋቱን ያያል። ያልታጠፈው በአልበም ወይም በመጽሐፍ መካከል የኖረ ነው፤ በአራት የታጠፈው ግን በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ የዞረ፣ በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ምናልባትም ማንበብ ለማይችል ሰው እንደ እውነተኛ የተሰጠ ነው። ነጋዴዎች ያልታጠፈውን በውድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ለታሪክ ግን የታጠፈው ይበልጣል።

እነዚህ ወረቀቶች እስከ ዛሬ የተረፉት በግል ሰብሳቢዎች ድካም ብቻ አይደለም። በዉስተር ከተማ በ1812 የተቋቋመው የጥንት ነገር ማኅበርና በኒው ዮርክ በ1858 የተቋቋመው የገንዘብ ጥናት ማኅበር ብዙ የድሮ ወረቀትና ገንዘብ ጠብቀዋል። የሮቢንሰን የፌዝ ኖቶች በዋሽንግተን በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሮቢንሰን በዚያ ዘመን ባሳተማቸው በብዙዎቹ ሥዕሎች ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ ይህ ሥዕል በሕግ መሠረት በኒው ዮርክ ደቡብ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ተመዝግቧል የሚል ቃል ይነበባል። ለማንም አንዲት ሳንቲም የማይከፍለውን ኖት የሚያትመው ይህ ሰው፣ ሌላ ሰው የእርሱን ሥራ አስመስሎ እንዳያትምበት ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ የመዝገቡን ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብ ከፍሎ ነበር።